ሊነስ ወደ ጥግ መግባት የተወበት ክረምት

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ

በበረዶ ሆኪ የቴልፈርን ቡድን አራት ለሦስት አሸነፍን። የመጨረሻዋን ያገባው ሊነስ ነው፤ አዳራሹ ሊፈርስ ምንም አልቀረውም።

ከኋላዬ የሚቀመጡት ኤልመር ፍሪሰንና ራስ ማኬብ እንደ ልማዳቸው ሲነታረኩ አመሹ። ኤልመር የስንዴ ገበሬ ነው፤ መሬቱ በረዶ ሲለብስ ሥራው አሰልጣኙን መስደብ ይሆናል። ራስ የሕንጻ መሣሪያ መደብር አለው፤ እሱ ደግሞ ተጫዋቾቹን ይሰድባል። ሥራውን ተከፋፍለውታል። ሊነስን ግን ሁለቱም ይወዱታል። ግቧ ስትገባ ራስ ትከሻዬን ይዞ ወዘወዘኝና «ዶሪን፣ ምን እያበላሽው ነው? ለኔም ላኪልኝ እንጂ!» አለኝ። ሳቅኩ። ሳቄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ሊነስ እኔ ቤት ማደር ከጀመረ ይኼ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ክለቡ ከሩቅ የሚመጡትን ልጆች በየሰዉ ቤት ያሳድራል፤ ባሌ ዋልተር ከሞተ በኋላ እኔም ተመዘገብኩና ሊነስ ደረሰኝ። የመጀመሪያዎቹን ወራት «ወይዘሮ ስታድኒክ» ይለኝ ነበር። አሁን ዶሪን ነኝ፤ ማቀዝቀዣውንም ሳያስፈቅድ ይከፍታል።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩትም። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ፓኩን፣ የመጫወቻዋን ጎማ፣ ለማውጣት የሜዳው ጥግ እንደገባ የቴልፈሩ ግዙፍ ተከላካይ ከኋላ መጥቶ ሜዳውን ከከበበው መስታወት ጋር አላተመው። ድምፁ እኔ ወንበር ድረስ ተሰማ። ተንበርክኮ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተነሣ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ግቧን ያገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ደህና ነው ማለት ነው።

የሚወደውን የጎመን ጥቅል ሠርቼ ጠበቅኩት። አልበላም። «ደክሞኛል» ብሎ ገባ።

ጃንዋሪ 12፣ እሑድ

የሊነስ ክፍል መጋረጃ እንደተዘጋ ነው። ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጊልኝ አለ፤ ዝቅ አደረግኩ። አጥፊልኝ አለ፤ አጠፋሁ። ማንኪያው እንዳይጮኽ ሻዬን ሳላማስል ጠጣሁ።

ወደ ማታ ወጥ ቤት መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቷል።

«ዶሪን፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን ለማንም እንዳትነግሪ።»

«ለማንም» አልኩ። ምን እንደሆነ ሳልሰማ።

«ያቺ የሐሙሷ ምት ጭንቅላቴን ነክታኛለች። ያልፋል። ግን እዚህ ከመምጣቴ በፊት ሁለት ጊዜ ተመትቻለሁ፤ ይኼ ሦስተኛው ነው። ወጌሻው ከሰማ ሐኪም ጋ ይልከኛል፣ ሐኪሙ ወደ ቤቴ ይልከኛል፣ አለቀ። በሚቀጥለው ወር ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች መልማይ ይመጣል። የሚመጣው እኔን ሊያይ ነው።»

«እናትህስ?»

«በተለይ ለእናቴ!»

እናቱ ካሪን በየእሑዱ ትደውላለች። ዛሬም ደወለች። እንዴት አድርጎ ድምፁን እንዳሳመረው! ከዚያ ስልኩን ለኔ ሰጠኝ። «እየበላ ነው?» አለችኝ። «እየበላ ነው» አልኳት።

እኔ እናቱ አይደለሁም። አሳዳሪ ነኝ። እሱም አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዋልተር በዚያ ዕድሜው ባቡር ይነዳ ነበር። ደግሞስ ቢላክ ምን ይጠቅመዋል? ወላጆቹ ያሉበት ማኒቶባ ድረስ የቀን ሙሉ መንገድ፣ በዚህ ብርድ፣ ለታመመ ሰው! እዚሁ ቢያርፍ ይሻለዋል። ጸጥ ያለ ቤት ነው።

ጃንዋሪ 18፣ ቅዳሜ

ተሸነፍን። ሊነስ ሙሉውን ተጫወተ።

አሰልጣኝ ፕራት ስልት ቀይሯል። ሊነስን ከመሃል አንሥቶ ግራ ክንፍ ላይ አቆመው፤ አምስቱም ተጫዋቾች መሃል ሜዳ ላይ አድፍጠው ተጋጣሚው እስኪሳሳት ይጠብቃሉ። ኤልመር ሊያብድ ደርሷል።

«ፈረሱን ማረሻ ላይ ጠምዶ ለምን አይጋልብም ይላል! ይኼ ሰውዬ ሊያሸንፍ ነው የመጣው ወይስ ሰዓት ሊገድል?»

«አሰልጣኙ ምን አደረገ?» አለ ራስ። «ጥግ አትግባ አላለውም እኮ! ልጁ ጥጉን ሲያይ ድመት ከውኃ እንደምትሸሽ ነው የሚሸሸው። ከሩቅ ይመታል፣ ይመለሳል። አቋሙ ወርዷል በቃ።»

«አንተ ብቻ ነህ የማትወርደው፤ ከወንበርህ ተነሥተህ ስለማታውቅ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ራስ ወደኔ ጎንበስ አለ። «ዶሪን፣ አንቺ ቤት ነው የሚያድረው። ልጁን ምን ነካው?»

ፋንዲሻዬን ዘረጋሁለት። «ብርድ ነው» አልኩት። ዘግኖ ወሰደ።

ሊነስ ወደ ጥግ በቀረበ ቁጥር እግሬ ከወለሉ ይነሣ ነበር። አለመግባቱን ሳይ ደግሞ አምላክ ይመስገን እላለሁ። ከዚያ የራስ ማኬብን ጩኸት እሰማለሁ። ስምንት መቶ ሰው ግባ ይላል፤ አንዲት ሴት አትግባ ትላለች፣ ያውም በሆዷ።

ጃንዋሪ 23

ሊነስን አስመለሰው። አንሶላውን አጠብኩ። ሆድ ቁርጠት ከተማውን ይዞታል፤ አዳራሹ ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጠው የቤቭ ልጆችም ታመዋል። ወተቱን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቶት አገኘሁት። እኔም አንዳንዴ መነጽሬን ማቀዝቀዣ ውስጥ እረሳለሁ።

ልምምድ አልቀረም።

ጃንዋሪ 27፣ ሰኞ

ልጄ ኮሊን ከቫንኩቨር ደወለች። የድሮው ዘፈን፤ ቤቱን ሽጪና ነዪ፣ ለብቻሽ በዚያ በረዶ ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ።

«ለብቻዬ አይደለሁም። ሊነስ አለ።»

«እማዬ፣ እሱ እኮ የሰው ልጅ ነው። በጸደይ ይሄዳል።»

«እስከዚያ ማን ያበላዋል?»

«እናት አለችው።»

ሾርባው እየገነፈለ ነው ብዬ ዘጋሁት። ሾርባ አልጣድኩም ነበር። ከዚያ በኋላ ውሸታም ላለመሆን ጣድኩ። ሊነስ ሁለት ሳህን በላ፤ ደህና ነው ዛሬ። በጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ስለ ላሞቻቸው አወራኝ። መብራት ስለሚያመው በሻማ ነው የምንበላው። ልክ እንደ በዓል።

ፌብሩዋሪ 1፣ ቅዳሜ

ትናንት ደግሞ ተሸነፍን። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ካፌ ጎራ አልኩ። ወንዶቹ ሁሉ መሃል ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። ኤልመር ጠረጴዛው ላይ የበረዶ ሜዳ ሠርቷል፤ የጨው ዕቃዎቹ ተከላካዮች፣ የሰናፍጭ ጠርሙሱ ግብ ጠባቂ፣ የቁንዶ በርበሬ ዕቃው ሊነስ።

«እዩ! በርበሬው መሃል ቢሆን ኖሮ በግራም በቀኝም ማቀበል ይችላል። ፕራት ግን እዚህ አጥሩ ሥር ወሸቀው። ማንን ያቀብል? ግድግዳውን?»

«በርበሬው ራሱ ቢንቀሳቀስ ጥሩ ነበር» አለ ራስ፣ ዕቃውን አንሥቶ እያራገፈ። «እይ፣ አይወጣም። ደርቋል!»

«ሴት ይዞ ነው» አለ አንዱ።

«ሴት አይደለም» አለች አስተናጋጇ ቡና እየቀዳች። «ልቡ አብጦ ነው። ጋዜጣ ላይ ፎቶው ከወጣ ወዲህ ሰላምታ እንኳ ትቷል። ማክሰኞ ፊት ለፊቴ መጥቶ እንደማያውቀኝ አየኝና አለፈ።»

«አየሽ ዶሪን?» አለኝ ኤልመር። «ልጅሽን ምከሪው እንጂ!»

ልጅሽ አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ይበቃኝ ነበር።

«ልጁ ዓይን አፋር ነው» ብዬ ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ። ልቡ አላበጠም። ምነው ይህን ያህል እንኳ ልናገርለት በቻልኩ።

ፌብሩዋሪ 6፣ ሐሙስ

ዕቃ ልንገዛ በሊነስ መኪና ሄድን። የመንገድ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ እሱ ቆመ። ከኋላችን ጥሩምባ ሲነፉ «ምን ፈልገው ነው?» አለኝ።

ቀስ ብዬ «እኔ ልንዳ» አልኩት። ሳይከራከር ወረደ። አለመከራከሩ ነው ያስፈራኝ፤ ሊነስ እኮ በሾርባ ጨው ሳይቀር ይከራከራል።

ቁልፉን ወስጃለሁ። ካሁን በኋላ ልምምድም ጨዋታም የማደርሰው እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ ጠብቄው አብረን እንመለሳለን። እንዲያውም ጥሩ ሆነ።

ጥሩ ሆነ ብዬ ጻፍኩ እንዴ?

ፌብሩዋሪ 11፣ ማክሰኞ

ኖርም፣ የቡድኑ ወጌሻ፣ መደብር ውስጥ የአተር ቆርቆሮ ይዤ አገኘኝ።

«ዶሪን፣ ሊነስ እንቅልፉ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ራሴን ያመኛል አይልም?»

«ምነው?»

«እንጃ። ስጠይቀው ይስቅብኛል። ሜዳ ላይ ዓይኑ ደስ አይለኝም። አንቺ የምታይው ነገር ካለ ብትነግሪኝ... ስምሽን አላነሣም።»

መውጫ በር ተከፈተልኝ። ብነግረው ማንም አያውቅም ነበር፤ ሊነስም አያውቅም ነበር። «እንደ ሕፃን ነው የሚተኛው» አልኩት።

ኖርም አመሰገነኝ። እኔን አመሰገነኝ!

ቤት ደርሼ አየሁት፤ ሶፋው ላይ የዋልተርን ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቷል። እውነትም እንደ ሕፃን። ዋሽቻለሁ ማለት አይደለም።

መልማዩ ቅዳሜ ይመጣል። ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ራሱ ይናገራል። ብሎኛል።

ፌብሩዋሪ 15፣ ቅዳሜ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ቴልፈር እዚህ መጣ። መልማዩ ከላይ ተቀምጧል፤ ሰማያዊ ኮት የለበሰ ቀጭን ሰው። ፕራት በመጨረሻ የሕዝቡን ጩኸት ሰማና ሊነስን ወደ መሃል መለሰው። ኤልመር ሠርጉ የደረሰ ይመስል ነበር። «ፈረሱ ተፈታ! አሁን እዩ!»

አየን። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ፓኩን ከራሳችን ግብ ሥር ተቀብሎ፣ አንዱን በግራ፣ አንዱን በእግሮቹ መካከል አልፎ፣ ግብ ጠባቂውን አስተኝቶ አስገባ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ራስ አለቀሰ፤ ራስ ማኬብ! «ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ፣ አፌ ይቆረጥ!» እያለ።

ከዚያ ሊነስ ወደ ተጠባባቂዎች ወንበር ተመለሰ። ወደ ቴልፈር ወንበር። በሩን በዱላው አንኳኳ፣ ከፈተና ሊቀመጥ ገባ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ንቀት መስሏቸዋል። «ቤታቸው ገብቶ ሻይ ሊጠጣ እኮ ነው!» አለ ኤልመር፣ ጀርባዬን እየደበደበ። የቴልፈር ልጆች ገፈተሩት፤ ዳኛው ሁለት ደቂቃ ቅጣት ሰጠው፤ ሕዝቡ የበለጠ ጮኸ። ስሙን እየጠሩ ዘፈኑ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አፌ ራሱ ሳቀ።

ሊነስ የተቀጡት በሚቀመጡበት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሰዉን ያይ ነበር። ፊት በፊት፣ ረድፍ በረድፍ። የሚያውቀውን ሰው የሚፈልግ ይመስል ነበር። እኔ ጋ ደርሶ አለፈኝ።

መኪና ውስጥ «ለምን እዚያ ሄድክ?» አልኩት።

«የት?»

መኪናውን አስነሣሁ። ቆይቶ «አዎ፣ እሱማ ቀልድ ነው» አለ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ጓደኞቹ ሲያወሩ ሰምቶ ይሆናል።

ፌብሩዋሪ 16፣ እሑድ

ጠዋት ዕንቁላል እየጠበስኩ ነበር። ከኋላዬ መጥቶ ወንበር ሳበ።

«እማ፣ አባባ ላሞቹን አስገባ?»

ዞር አልኩ። ፈገግ ብሎ ያየኛል። በጣም ደህና ፊት ነው፤ ከወር በላይ እንዲህ አላየሁትም።

አንድ አፍታ ደስ አለኝ። ይኼን መጻፍ አለብኝ። ማንኪያው በእጄ እያለ፣ ልጁ እማ ሲለኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ነው ማንን እያናገረ እንደሆነ የገባኝ።

«አስገብቷል» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ዕንቁላሉን አቀረብኩለት፤ በላ። ተመልሶ ሲተኛ ስልኩን ይዤ ምድር ቤት ወረድኩ።

«ካሪን፣ ዶሪን ነኝ።»

«ምን ሆነ?» አለች ወዲያው።

ነገርኳት።

«መቼ ነው የተመታው?»

«ከቴልፈር ጋር ስንጫወት።»

«ትናንት?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ትናንትም ቴልፈር ነበር። ማንም አይመረምረኝም ነበር።

«የጃንዋሪው» አልኩ።

ከጀርባዋ ውሻ ይጮኻል።

«በየእሑዱ እኮ አነጋግሬዎታለሁ።»

«አዎ።»

«እንዴት ነው ስልዎት ይበላል ይሉኝ ነበር።»

«ይበላ ነበር» አልኩ። ይኼንን ነው የመለስኩት፤ አምላክ ይይልኝ።

«እርስዎን አምኜ ነው እንቅልፍ የተኛሁት» አለች። ጩኸት የለውም፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። «አሁን መንገድ እንገባለን። እስክንደርስ ሆስፒታል ይውሰዱት። ዓይንዎን ከሱ እንዳይነቅሉ።»

ስቀሰቅሰው እንደገና ራሱን ሆኗል። የት እንደምንሄድ ሲገባው ፊቱ ተቀየረ።

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር።»

«ገብቼ ነበር።»

«መልማዩ ነገ ሊያነጋግረኝ ነበር! አንድ ቀን! አንድ ቀን አቃተሽ?»

መንገዱን ሙሉ ወደ መስኮቱ ዞሮ ሄደ። ሐኪሟ ዓይኑን በትንሽ ባትሪ አየችና ብዙ ጠየቀችው። የትኛው ወር እንደሆነ ስትጠይቀው ወደኔ ዞረ። እንድነግረው። ቅድም ያልተመለከተኝ ልጅ።

በአምቡላንስ ወደ ሳስካቱን ትልቁ ሆስፒታል ወሰዱት። ቤተሰብ ብቻ ነው የሚሳፈረው አሉኝ።

ፌብሩዋሪ 17፣ ሰኞ

የቤተሰብ ቀን በዓል ነው፤ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው።

ካሪንና ባሏ ሮልፍ ከሆስፒታል ዕቃውን ሊወስዱ መጡ። ሮልፍ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ክፍሉ ገብቶ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አጣጠፈ። እኔ ባጣጥፋቸው ደስ ባለኝ፤ ግን አልጠየቅኩም። ቡና ላፍላ ስላቸው አይ አሉ።

ካሪን በሩ ላይ ቆማ ሊነስ ጋ የነበረውን የቤቴን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አንጎሉ አብጦ ነበር» አለች። «ሌላ ምት ቢጨመርበት ኖሮ አይተርፍም ነበር አሉን። ስለደወሉልኝ አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው። ሌላውን ግን... አሁን አልችልም።»

«ይገባኛል» አልኳት።

ሲሄዱ እጄን አነሣሁ። እነሱም ያንሡ አያንሡ፣ የመኪናው መስታወት በረዶ ስለያዘ አልታየኝም።

ፌብሩዋሪ 22፣ ቅዳሜ

ጨዋታ ሄድኩ። ካልሄድኩ ምን አደርጋለሁ?

ራስ ገና ከመቀመጤ ጀመረ። «ሁለት ሳምንት መታገስ አቃተሽ? ጥሎ ማለፍ ደርሶ? የልጁን ዕድል በእጅሽ ነው ያነቅሽው!»

ቤቭ ከጎኔ ነበረች፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። እሷ ደግሞ ቀስ ብላ፣ ወደ በረዶው እያየች፣ «የኔ ልጅ ቢሆን ጃንዋሪ ላይ ነበር ሐኪም ዘንድ የምወስደው» አለች።

አንዱ ለምን ተናገርሽ ይለኛል፤ አንዷ ለምን ዘገየሽ ትላለች። ለራስ ማኬብ መልስ አለኝ። ለቤቭ የለኝም።

ኤልመር አልመጣም።

ማርች 1

ኤልመር ዛሬ መጣ፤ ወደ አዳራሹ ሳይሆን ወደ ቤቴ። የበረዶ አካፋዬን አንሥቶ ሳልጠይቀው ደጃፌን ጠረገ። ሻይ ይዤለት ወጣሁ። አልተቀበለኝም።

«ታውቂ ነበር?» አለ።

«አውቅ ነበር።»

«ስንጨቃጨቅ ሁሉ። እኔ በጨው ዕቃ ሜዳ ስሠራ።»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ግባ እያልኩ የምጮኸው ሳላውቅ ነው። የቴልፈር ወንበር ሲሄድ የሳቅኩትም ሳላውቅ ነው።» አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «አንቺም አብረሽኝ ሳቅሽ፣ ዶሪን። ጎንበስ ብዬ አይቼሻለሁ። ያ ነው የማይዋጥልኝ።»

ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እንዳዘነ ሄደ። ሻዩ በእጄ ቀዘቀዘ።

ማርች 8፣ ቅዳሜ

ከጥሎ ማለፉ ወጣን። አምስት ለባዶ። ኤልመር ወንበሩን ቀይሯል፤ ከወዲያኛው ግብ ጀርባ ካፒቴን ይመስል እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። ራስ ብቻውን ይሰድባል፤ የሚመልስለት ስለሌለ ስድቡም ሞቅ አይልም። ከፊቴ ያሉት ስለ ስልቱ ይከራከራሉ፤ ፕራት ይባረር፣ አይባረር። ማንም «ዶሪን፣ አንቺስ?» አላለኝም። ድሮም የሚጠይቁኝ ስለ ጨዋታው አልነበረም፤ ስለሱ ነበር።

ሠላሳ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ፓኩ ወዴት እንደሚሄድ ከመሄዱ በፊት አያለሁ። ዋልተር ያውቅ ነበር፤ «ዶሪን፣ አሁን ምን ማድረግ አለባቸው?» ይለኝ ነበር፣ በጆሮዬ።

ማርች 13

የክለቡ ሴትዮ ደወለች። በሚቀጥለው ዓመት ልጆች ከማሳደር እረፍት ብታደርጊ ይሻላል አለችኝ፣ በጣም በትሕትና። እሺ አልኩ። ትልቁን የወተት ካርቶን ገዝቼ ኖሯል፤ ተበላሽቶ ደፋሁት።

ኮሊን ስትደውል አላነሣሁም። ሾርባ የለም፣ ምክንያትም የለኝም።

ማርች 23፣ እሑድ

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ኮሊን ናት ብዬ ልተወው ነበር።

«ዶሪን? ሊነስ ነኝ።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ድምፁ ቀስ ያለ ነው፣ ግን ደስተኛ ነው። ስልክ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ተፈቅዶለታል፤ እናቱ አጠገቡ ናት። ከብቶቹን ጠዋት ጠዋት ያያቸዋል። ሆኪ ግን ለዘለዓለም ተከልክሏል። ይኼን ሲለኝ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ይመስል ነበር። ስለ ቃሌ ምንም አላነሣም። ይቅር ብሎኝ ይሁን ረስቶት፣ አልጠየቅኩም።

«ከጥሎ ማለፉ ወጣን አሉ?»

«አምስት ለባዶ።»

«በኔ ቦታ ማን ገባ?»

«ያ አዲሱ፣ ከአልበርታ የመጣው። ጉልበት አለው፤ ግን ፓኩን ይዞ ይተኛል። ለማቀበል ሲወስን ሰዉ ቤቱ ገብቷል።»

ሳቀ። ያንን ሳቅ ሰማሁት።

«ፕራት ያንን የማድፈጥ ነገር አልተወም?»

«አልተወም። እንዲያውም ስሕተቱ አንተን ግራ ማድረጉ አልነበረም። ግራ ላይ ሆነህ የሚከተልህ ተከላካይ አልሰጠህም። ያ ተከላካይ ወደ ፊት ቢወጣ ኖሮ ጥግ መግባት አያስፈልግህም ነበር፤ ፓኩ ራሱ ይመጣልህ ነበር።»

«ይኼን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝማ!»

ሳቅን፣ ሁለታችንም። ከዚያ ብዙ አወራን። እንደዚያ ያወራሁት ዋልተር ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ያ ቀይ ጸጉሩ» አለ በመሃል፣ «ከኔ በስተቀኝ ሁለት ዓመት የተጫወተው፣ ስሙ ማን ነበር?»

«ዳርሲ።»

«አዎ! ዳርሲ! እሱስ እንዴት ነው?»

ዳርሲ ደህና እንደሆነ፣ በመጨረሻው ጨዋታ አንድ ጥርስ እንደጎደለው ነገርኩት። ጥርሱን ሲሰማ ሳቀ። ስለ በረዶው አወራን፤ እዚያ መቅለጥ ጀምሯል፣ እዚህ ገና ነው። ስለ አንዲት ጥጃ ነገረኝ። መስመሩ ላይ የሌላ ሰው ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ካሪን በቤታቸው ሌላ ስልክ እየሰማች ነበር።

«ዶሪን» አለ፣ «ያ ቀይ ጸጉሩ፣ በቀኜ የሚጫወተው... ስሙ ማን ነበር?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ዳርሲ» አልኩት፣ ገና አሁን እንደጠየቀኝ ሁሉ።

«አዎ! ዳርሲ!» አለ፣ በዚያው ደስታ። «እሱስ እንዴት ነው?»

ዳርሲ ደህና እንደሆነ ነገርኩት። አንድ ጥርስ እንደጎደለውም። ሳቀ።